መንገድ ለሚያበዛው ልጄ

ልጄ፣ በርበሬ መነገድ ከጀመርክ ወዲህ አንተን ጅጋ ላይ ማግኘት ቸገረን። ስጠይቅ አንድ ጊዜ ቡሬ ነው ይሉኛል፣ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ፣ አንድ ጊዜ ባሕር ዳር። መነገድህን አልነቅፍም። ከተማችን አስፋልት ዳር የተቆረቆረች፣ ከቋሪትና ከደጋ ዳሞት የሚወርደውን ጭነት የምትቀበል ናት፤ እዚህ ተወልዶ መኪና ሲያልፍ ልቡ የማይነሣ ወጣት አላየሁም። እኔም ዕድሜዬን የገፋሁት በእህልና በበርበሬ ንግድ ነው። አብረውኝ ከነገዱት ውስጥ ማን እንደከበረ፣ ማን ጤናውን እንዳጣ፣ ማን ቤቱ እንደፈረሰበት አውቃለሁ። አንተ ሰነፍ አይደለህም፤ ግዴለሽ ነህ። ያተረፍከውን ቁጭ ብለህ ትቆጥራለህ፣ መንገዱ የወሰደብህን ግን አትቆጥርም። እስቲ ዛሬ እኔ ልቁጠርልህ። ጠንከር ብል አትቀየመኝ።

1. በስልክ ለሚያልቅ ነገር እግርህን አታንሣ። እኛ ዋጋ ለማወቅ መሄድ ነበረብን። በርበሬ ተራ ስንት እንደዋለ የሚነግረን ከመርካቶ የተመለሰ ሹፌር ነበር፤ እሱ ጅጋ እስኪገባ ዋጋው ተለውጦ ያድር ነበር። አንተ ስልኩ ኪስህ ውስጥ ነው። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ለመቀበል ብቻ ብሎ አውቶቡስ የሚሳፈር ነጋዴ ሳይ ይደንቀኛል። ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለ አላጣሁትም፤ እሱን ሰበብ አድርገህ ግን ሁሌ አትነሣ። ዓይን የሚፈልግ ነገር እርግጥ አለ። ዛላ በርበሬ በስልክ አይታይም፤ ክብደት እንዲጨምር ውሃ የተርከፈከፈበትን፣ ከላይ ቀዩ ተደርድሮ ከታች የነጣው የተጠቀጠቀበትን፣ ክንድህን ጆንያው ውስጥ ካላስገባህ አታውቀውም። ለዚህ ሂድ። ደላላው «ቶሎ ና» ባለህ ቁጥር ግን አትሩጥ፤ ደላላ እንጀራው የአንተ መምጣት ነው።

2. የመንገዱን ወጪ ሁሉ ጻፍ። ደብተርህን አሳይተኸኝ ነበር። መግዣው አለ፣ የጫኝና አውራጁ አለ፣ መሸጫውም አለ። አልጋው የታለ? ምሳና እራቱ፣ «አንድ ቢራ» ተብሎ የተጀመረው ምሽት፣ ለቤት ሳይገዙ የማይገባበት ዕቃ የታለ? ሱቅህ ተዘግቶ የዋለበት ቀን ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ የዘጋህ ዕለት ደንበኛህ ከጎረቤትህ ገዝቶ እዚያው ይለምዳል። በኩንታል ጥቂት ብር ለማትረፍ አገር አቋርጠህ ሄደህ፣ ደጅህ ላይ ያለውን ገበያ ለሌላ ትሰጣለህ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለአንተ ዓይነቱ ነው። ይህን ሁሉ ለአንድ ዓመት ጽፈህ ደምረው። ከጉዞህ ገሚሱ ኪሳራ ሆኖ ባታገኘው ና ተከራከረኝ።

3. ለራስህ ክረምት ይኑርህ። የድሮዎቹ የጎጃም ሲራራ ነጋዴዎች ከአንተ የባሰ ተጓዦች ነበሩ። ከባሶ ገበያ ተነሥተው ዓባይን ተሻግረው ጉድሩ ይገባሉ፣ የበረታው እስከ እናርያ ይዘልቃል። አሞሌ ጨው ጭነው ሄደው ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይዘው ይመለሱ ነበር። በዚያው መንገድ ሰውም እየተነዳ መጥቶ እንደተሸጠ አትርሳ፤ ስለ ሲራራ ስናወራ ይህችን መዝለል እንወዳለን። እነዚያ ነጋዴዎች ግን አንድ የሚያስቆማቸው ነገር ነበራቸው። ክረምት ሲገባ ዓባይ ይሞላል፣ መሻገሪያው ይዘጋል። ነጋዴው ወደደም ጠላም ቤቱ ይከርማል። የአጋሰሱ ጀርባ ይሽራል፣ ዕዳው ይጣራል፣ የተጣላው ይታረቃል፣ ሰውየውም ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር አንድ ማዕድ ይቆርሳል።

ዛሬ ዓባይ አያስቆምህም። ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ በጃፓን ርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይም በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ተመርቋል፤ ከባድ መኪናው ክረምት ከበጋ ይሻገራል። ድልድይ በረከት ነው፣ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን «ተቀመጥ» የሚልህ ወንዝ ከሌለ፣ «ልቀመጥ» ማለት ያለብህ አንተ ነህ። ሐምሌና ነሐሴ በርበሬው ገና ማሳ ላይ ነው፤ ምን ልታመጣ ትሄዳለህ? ሁለቱን ወር ሙሉ ካልቻልክ ቢያንስ ፍልሰታን ቤትህ ጹም።

4. በሌሊት አትጓዝ። ከተጓዝክም ሹፌሩን አይተህ ተሳፈር። በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው ቁልቁለትና ዳገት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፍሬን የሚቃጠለውና ሰው የሚያልቀው እዚያ ነው። ጭነቱን አራግፎ ባዶውን የሚመለስ፣ እንቅልፉን በጫት የያዘ ሹፌር «ና ጋቢና ግባ፣ በርካሽ ላድርስህ» ቢልህ አመስግነህ እለፈው። ሰው አይሱዙን «አልቃይዳ» ያለው ያለ ነገር አይደለም። አንድ ሌሊት አዳርህን ብታሳጥር የምታተርፈው የአንድ አልጋ ዋጋ ነው።

5. የጉዞህን ቀን ለብዙ ሰው አታውራ፤ ለአንድ ሰው ግን በትክክል ንገር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ መንገዳችን ሲከፈት ሲዘጋ የከረመ ነው። ከዓባይ ማዶ ባለው መንገድም ሰው እየታገተ ገንዘብ ሲጠየቅበት ሰምተሃል። አንተ ደግሞ ጠጅ ቤት ተቀምጠህ ስንት ኩንታል እንደጫንክና መቼ እንደምትሸጠው ታወራለህ። የነጋዴ ወሬ ከነጋዴው ቀድሞ ይደርሳል። በየትኛው መኪና እንደሄድክ፣ የት እንደምታድር፣ መቼ እንደምትመለስ ቤት ያለው አንድ ሰው ይወቅ። ጥሬ ገንዘብ አትያዝ። መንገድ ተዘግቷል ከተባለ ባለህበት ቆይ፤ «በአቋራጭ አሳልፍሃለሁ» የሚለውን አትስማ። በርበሬ ቢሰነብት ዋጋው ቢወርድ ነው።

6. ገላህን ስማው። ከጅጋ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ አንተም ጉልበትህን አጥፈህ፣ ሽንት እንዳይመጣብኝ ብለህ ውሃ ሳትጠጣ ትውላለህ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት፣ ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ የሚጓዝ ሰው ደም ሥሩ ውስጥ ደም የመርጋት ዕድሉ እጥፍ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል፤ በአውሮፕላንም ቢሆን፣ በአውቶቡስም ቢሆን። ለጤነኛ ሰው አደጋው ትንሽ ነው፣ ከ6,000 ሰው አንዱን ቢያገኝ ነው፤ ጉዞ የሚደጋግም ግን ዕጣውን ይደጋግማል። መኪናው በቆመ ቁጥር ውረድ፣ ተንጎራደድ፣ ውሃ ጠጣ። አንድ እግርህ ብቻ ካበጠና ካመመህ «የድካም ነው» ብለህ አትተኛበት፤ ሐኪም ጋ ሂድ።

ሆድህም እንዲሁ ነው። ስንቅ መቋጠር ማን እንዳሳፈረህ አላውቅም። እናትህ ዳቦ ቆሎ አዘጋጅታ ስትሰጥህ ትተኸው ሄደህ፣ መንገድ ላይ ያገኘኸውን ጥሬ ሥጋ ትቆርጣለህ፤ ከዚያ ጨጓራዬን፣ ከዚያ ኮሶ ያዘኝ።

ወባን ደግሞ አትናቅ። በርበሬ ፍለጋ ብር ሸለቆ ወይም ዓባይን ተሻግረህ ወለጋ በኩል ስታድር አጎበር ይዘህ ሂድ። በ1950 ዓ.ም. ክረምት የተነሣው ወረርሽኝ በአገራችን 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ ያን ጊዜ የወባዋ ትንኝ ቆላ አልቀረችም፣ ወይና ደጋው ድረስ ወጥታለች። ከጉዞ ተመልሰህ በሳምንት በሁለት ሳምንት ብርድ ብርድ ካለህ «ብርድ መታኝ» ሳትል ተመርመር፤ የት እንዳደርክም ለሐኪሙ ንገረው።

7. መሸታ ቤት አታድር። ይህን በረጅሙ አላስረዳህም፤ ትልቅ ሰው ነህ። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በሽታው መጀመሪያ የተስፋፋው በዋና ዋና መንገዶች ዳር ባሉ ከተሞች፣ በሹፌርና በነጋዴ ማደሪያ ነበር። ቀጥሎ የገባው ቤት ጠብቀው ወደተቀመጡት ሚስቶች ነው። የቀበርናቸውን አውቃለሁ።

8. ስትመለስ ሚስትህ የወሰነችውን አትሻር። አንተ በሌለህበት ልጁን ትኩሳት ሲይዘው ጤና ጣቢያ የሮጠችው፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲጠየቅ የከፈለችው፣ ለአረሙ ሰው የለመነችው፣ ዘመድ ብድር ሲል እሺም እንቢም ያለችው እሷ ናት። አንተ ትመጣና ጫማህን ሳታወልቅ «ይህን ማን አዘዘ?» ትላለህ። ያዘዘው የአንተ አለመኖር ነው። የነጋዴ ቤት የሚፈርሰው ነጋዴው በመሄዱ ይመስላቸዋል፤ እኔ ያየሁት አብዛኛው ሲመለስ ነው የፈረሰው። ከቤትህ እንደ እንግዳ ቀስ ብለህ ግባ። መጀመሪያ ጠይቅ፣ የሆነውን ስማ፣ አመስግን፤ የሚስተካከል ካለ ከሁለት ቀን በኋላ ተነጋገሩበት።

9. ስጦታ አባትነትን አይተካም። ብስኩትና ጫማ ይዘህ ትገባለህ፣ ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ አንተም የናፈቁህ አንተን ይመስልሃል። ልጅ ቶሎ ይለምዳል፤ ከጊዜ በኋላ የሚጠብቀው ቦርሳህን ነው። ባለፈው ሰው ፊት ልጅህ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ስትጠየቅ ዞር ብለህ እናቱን ያየሃት ትዝ ይልሃል? እኔ አይቻለሁ፣ እሷም አይታለች። ትምህርት ቤቱ ወላጅ ሲጠራ አንድ ጊዜ እንኳ አንተ ሂድ።

10. ከለቅሶ አትቅር። ዕድሩ መቀጫህን ይቀበልሃል፤ መቀጫውን ከፍለህ ግን የጨረስክ አይምሰልህ። ሬሳ የሚያነሣው ሰው፣ ድንኳን የሚተክለው ሰው፣ ሌሊት የሚያመሸው ሰው ይታወቃል። ያልነበረውም ይታወቃል። የሰንበቴ ተራህ ሲደርስ ሚስትህ ብቻዋን ጠላውን ጠምቃ፣ ዳቦውን ጋግራ ታቀርባለች፣ ሰውም «ባለቤቱስ?» ይላል። መጀመሪያ ሰው ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ያማል፣ በመጨረሻ መጠየቁን ይተዋል። የምፈራልህ ይህን የመጨረሻውን ነው። እነዚያ መንገድ ያበዙ ጓደኞቼ አርጅተው ሲገቡ ቤት ነበራቸው፣ ገንዘብም የነበራቸው አሉ፤ ሽምግልና ሲጠራ ግን ማንም አልጠራቸውም፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ድንበር እስከ የት እንደሆነ አያውቁም። የአገር ሰው የሚሆነው የተወለደበት ብቻ ሳይሆን ሲጠሩት «አለሁ» የሚል ነው።

11. በምትክህ የሚሄድ ሰው አሠልጥን። ሁሉንም ራሴ ካላየሁ የምትለው ነገር ትጋት ይመስላል፤ ከፊሉ ግን ሰው አለማመን ነው። የእህትህ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ሱቅህ ውስጥ በርበሬ ሲመርጥ ኖሯል፤ ነጩን ከቀዩ፣ እርጥቡን ከደረቁ ለይቶ ያውቃል። አንድ ጊዜ አብሮህ ይሂድ፣ በሁለተኛው ብቻውን ላከው። ትንሽ ቢያጎድል ለትምህርቱ ቁጠርለት።

ቅዳሜ እንደምትሄድ ሰምቻለሁ። ቅዳሜ የአጎትህ አርባ ነው። ጭነቱን በልጁ ላከውና አንተ ቅር፤ ድንኳኑን ዓርብ ከሰዓት ስለምንተክል በጊዜ ና።