«መርዛማ» የሚለው ስያሜ ምን ይነግረናል?

የፊዚክስ መምህር ስለ እባብ ለመጻፍ ምን አነሣሣው? ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ ጥያቄው የልኬት ጥያቄ መሆኑ ነው።

ከጎንደር ወደ ጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ስንወርድ በደንቢያ ሜዳ ላይ ኮላ ድባን እናገኛለን። ማሳና ረግረግ በሚጎራበቱበት በእንዲህ ያለ አገር እባብ እንግዳ አይደለም። በገጠራችን የታየ እባብ ሁሉ መርዛማ ተብሎ ይገደላል። በአሜሪካ ደግሞ ሰዎች በቤታቸው የሚያሳድጉት ሆግኖዝ የተባለው እባብ ደካማ መርዝ ስላለው «መርዛማ» ይባል ወይስ አይባል የሚል ክርክር አለ። ለመሆኑ የቱ ትክክል ነው?

መርዝ በመጠን ይለካል

የመርዝ ብርታት የሚገለጸው ከተፈተኑት እንስሳት ግማሾቹን በሚገድለው መጠን ነው፤ ይኸውም በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ስንት ሚሊ ግራም እንደሚያስፈልግ ነው። ይሁን እንጂ አደጋው በብርታቱ ብቻ አይወሰንም። እባቡ የሚያስገባው መጠን፣ የጥርሱ አቀማመጥና የተነደፈው ሰው ክብደትም ይቆጠራሉ። በአገራችንም የሚገኘው፣ እንቁራሪት የሚበላው ክሮታፎፔልቲስ ትንንሽ የመርዝ ጥርሶቹ ከአፉ በስተኋላ ስለሆኑና መርዙም ደካማ ስለሆነ ሰውን አይጎዳም። እፉኝት ግን ረጃጅም የፊት ጥርሶች ስላሉት ብዙ መርዝ በጥልቀት ያስገባል።

ስያሜ ሲያሳስት

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1957 ታዋቂው አሜሪካዊ የእባብ ተመራማሪ ካርል ሽሚት በቺካጎ ቡምስላንግ በተባለ የአፍሪካ የዛፍ እባብ ተነደፈ። እባቡ ትንሽ ስለነበረና የነካውም አንድ የኋላ ጥርስ ብቻ ስለነበረ አደጋው ተናቀ። ሽሚት ምልክቶቹን በማስታወሻው እየመዘገበ ቆይቶ በማግሥቱ በደም መፍሰስ ሞተ።

ሁለተኛው ስሕተት ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። ደካማ መርዝ ያለው እባብ የነደፈው ሰው ምንም ሳይደረግለት ይድናል። ቁስሉን አስበጥቶ ወይም ሥር ጠጥቶ ከሆነ ግን ፈውሱን ለዚያ ይሰጣል። በሌላ ጊዜ እፉኝት ሲነድፈው ያንኑ እየሞከረ ወደ ሐኪም ቤት ሳይሄድ ይዘገያል። «እባብ ሁሉ አንድ ነው» የሚለው ስያሜ ሕይወት የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን በ2017 (እ.ኤ.አ.) ከተዘነጉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በየዓመቱ ቢያንስ 81,000 ሰው ስለሚገድል ነው።

ታዲያ ምን እንበል?

ሰባ ኪሎ በሚመዝን ሰው አካል ውስጥ በየሰከንዱ ወደ 4,000 የሚጠጉ የፖታሲየም-40 አተሞች ይፈራርሳሉ። ሰው ሬዲዮአክቲቭ ነው ማለት እውነት ነው፤ መጠኑ ካልተነገረ ግን ትርጉም የለውም። እባብም እንዲሁ ነው። መርዝ ያለው ሁሉ፣ ደካማም ቢሆን፣ «መርዛማ» ይባል፤ ከጎኑ ግን «ለሰው አደጋው አነስተኛ»፣ «መካከለኛ» ወይም «ገዳይ» የሚል ደረጃ ይጻፍ። የነደፈውን እባብ ያላወቀ ሰው ደግሞ ቁስሉን ሳይበጣ፣ የተነደፈውን አካል ሳያንቀሳቅስ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

መልመጃ፦ «ሀ» የተባለ እባብ ገዳይ መጠኑ በኪሎ ግራም 2 ሚሊ ግራም፣ የሚያስገባው 150 ሚሊ ግራም ነው እንበል። የ«ለ» ገዳይ መጠን 0.5፣ የሚያስገባው ደግሞ 1 ሚሊ ግራም ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰውና 15 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን የትኛው ይበልጥ ያሰጋል? መርዙ የበረታውስ የትኛው ነው?