ምዕራፍ 6፦ በወጉ የተሰጠ ትምህርት ልብንም ያረጋጋል

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት በአማራ ክልል የሚገኘውን ዋግ ኽምራን ደጋግሞ አንገላቷል። አበርገሌ ደግሞ ክፉኛ ከተጎዱት ወረዳዎች አንዱ ነው። ብዙ ቤተሰብ ቀየውን ለቆ በሰቆጣና በአካባቢዋ፣ በወለህ መጠለያም ጭምር ከርሟል፤ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። ጦርነቱን ለማስቆም የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። የዚያው ዓመት ክረምት ግን ዝናቡ ቀረና ድርቁ አበርገሌን፣ ሰሃላንና ዝቋላን መታ። ወዲያውም በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ።

ዛሬ በአበርገሌዋ ኒሯቅ ወይም በአንዱ የገጠር ቀበሌ ውስጥ ጠመኔ ይዞ የሚቆም መምህር ይህን ሁሉ ያሳለፉ ልጆች ናቸው ፊቱ የሚቀመጡት። መምህሩም ራሱ አሳልፎታል። ከብዙ መምህራን አፍ የሚሰማው ጥያቄ ይህ ነው፦ «የቱን ላስቀድም? ያመለጠውን ትምህርት ላካክስ ወይስ ልጁን ላጽናና?»

የዚህ ምዕራፍ መልስ አጭር ነው። ማስቀደም አያስፈልግም። በወጉ የተሰጠ አንድ ክፍለ ጊዜ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይሠራል።

ስጋት የሚሻማው ቦታ

ሰው አንድን ነገር ለማሰብ ለጥቂት ሰኮንዶች በአእምሮው ይዞ መቆየት አለበት። የሚይዝበት ቦታ ግን በጣም ጠባብ ነው። የሰጋ ልጅ ግማሹን ቦታ ለስጋቱ ይሰጠዋል፦ በር ሲላተም ይደነግጣል፣ ውጭ የሚያልፍ መኪና ድምፅ ያዳምጣል፣ እናቱ ገበያ ወርዳ መመለሷን ያሰላስላል። ለሂሳቡ የሚተርፈው ትንሽ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ «ሰነፍ» ወይም «ደንቆሮ» ማለት ስጋቱ ላይ ኀፍረት መጨመር ነው፤ የቀረችውንም ቦታ ይወስድበታል።

ስለዚህ መምህር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ልጅ ከእኔ ክፍል ምን የሚያሰጋው ነገር አለ?» ብሎ ነው። ዱላ ካለ ዱላው ይቅር። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሕጉ ባይኖር እንኳ የማስተማር ጥበብ ራሱ ይከለክለዋል፤ እጁን እንዳይመታ የሚጠብቅ ልጅ ጥያቄውን አይሰማም።

አጀማመሩ የታወቀ ይሁን

ድንገት ብዙ ነገር የተገለባበጠበት ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ያሳርፈዋል። እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ይጀምሩ፦ በር ላይ ቆመው በስም ሰላም ይበሉ፤ የዕለቱን ርዕስና የሥራውን ቅደም ተከተል ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ ካለፈው ትምህርት 3 አጫጭር ጥያቄዎችን ይስጡ። ተማሪዎቹ መልሱን ደብተራቸውን ሳይከፍቱ ይጻፉት። ማርክ አይያዝበትም።

ይህ ለስሜት ብቻ የሚደረግ አይደለም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ እንዲያነቡ አደረጉ። ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፤ ከፊሎቹ ግን ሳያዩ ከቃላቸው ጻፉት። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ከቃላቸው የጻፉት 56 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ያነበቡት 42 በመቶውን ብቻ አስታወሱ። የዋግ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ይህን በተግባር ያውቁታል። ከየኔታ ፊት ቀርቦ ቃሉን ያልወጣ ተማሪ ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ ፊደል የለየው ታላቅም ለታናሹ ያስነግራል። ይህን ልማድ ያለ አርጩሜው ወደ ዘመናዊው ክፍል ማምጣት ይቻላል። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው እየተጠያየቁ ቃል ይውጡ።

ጠይቀው ይጠብቁ

ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የመምህራንን ድምፅ ቀድታ ስታዳምጥ፣ መምህራኑ ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰኮንድ ያህል ሆኖ አገኘችው። ጥበቃው ወደ 3 ሰኮንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» ባይ ቀነሰ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ።

ልብዎ ውስጥ እስከ 5 ይቁጠሩ። ከዚያ በፊት እጅ ያወጣውን ፈጣን ተማሪ በዓይንዎ «ቆይ» ይበሉት። ጥያቄውን አስቀድመው፣ የሚመልሰውን ተማሪ ስም ከኋላ ይጥሩ። «አንተ፣ ተነሥ!» ብሎ ከዚያ መጠየቅ የአንዱን ልጅ ልብ ያርዳል፣ የቀሩትን ደግሞ ከማሰብ ያሳርፋል።

ስሕተት ውስጥ ያለው ሐሳብ

እንበል 3ኛ ክፍል ሰሌዳው ላይ ጽፈዋል፦ 48 ፍየሎች ነበሩ፤ 19ኙ ቢሸጡ ስንት ይቀራሉ? አንዱ ልጅ «31» ይላል። «ተሳስተሃል፣ ተቀመጥ» ቢባል ነገ እጁን አያወጣም። ይልቁንስ እንዲህ ይሁን፦

«እንዴት እንዳገኘኸው ንገረን።»

«ቲቸር፣ ከ9 ላይ 8 ሲነሣ 1፤ ከ4 ላይ 1 ሲነሣ 3።»

«አሥሮቹን በትክክል ቀንሰሃል። አንዶቹ ጋ ያሉን ስንት ናቸው? ከ8 ላይ 9 መሸጥ እንችላለን?»

«አይበቃም።»

«ታዲያ ከየት እናምጣ?»

ልጁ ከ4ቱ አሥሮች አንዱን ፈቶ 18 ያደርገዋል፤ ከ18 ላይ 9 ሲነሣ 9፣ ከቀሩት 3 አሥሮች 1 ሲነሣ 2። 29 ደረሰ፣ ያውም በራሱ እጅ። የልጁ 31 ዘፈቀደ አልነበረም። ሁልጊዜ ከትልቁ ትንሹን የመቀነስ ልማድ ነው፤ ያንኑ ስሕተት በልባቸው የያዙ ሌሎችም አሉ። ሐሳቡን ሲጠይቁት ትምህርቱ ለሁሉም ደረሰ፤ ልጁም ተሳስቶ ሳይዋረድ መውጣት እንደሚቻል አየ።

በምሳሌው ምርጫም ይጠንቀቁ። የአበርገሌ ፍየል በዝርያው የታወቀ ነው፣ ልጆቹም ከመቁጠሪያ በፊት የሚያውቁት መንጋውን ነው። ሆኖም በድርቁ ወይም በጦርነቱ ፍየሎቹን ያጣ ቤተሰብ ልጅ ከፊትዎ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የሚሸጡ፣ የሚገዙ፣ የሚወለዱ ፍየሎችን ይቁጠሩ፤ የሞቱና የተዘረፉትን ለሂሳብ አያውሏቸው።

በቤቱ ቋንቋ

በዋግ ኽምራ ብዙ ልጆች አፋቸውን የፈቱት በኽምጣና ነው። ኽምጣና ከአገው ቋንቋዎች አንዱ በመሆኑ ከኩሽ ወገን ነው፤ አማርኛ ደግሞ ሴማዊ ነው። የቃላቱም የሰዋስዉም ርቀት ሰፊ ነው። አማርኛ ላይ የሚንተባተብ ልጅ ሐሳብ ስለሌለው ላይሆን ይችላል። ጥያቄውን መጀመሪያ ከጓደኛው ጋር በኽምጣና ይምከርበት፣ ቀጥሎ መልሱን በትምህርቱ ቋንቋ ይናገር። ኽምጣና የማይችል መምህርም ሰላምታውንና «ጎበዝ» የሚለውን ከተማሪዎቹ ይማር። ልጁ መምህሩን ሲያስተምር የቤቱ ቋንቋ ክብር እንዳለው ያውቃል።

መምህር ብቻውን የማይሸከመው

ኤሚ ወርነርና ባልደረቦቿ በሃዋይ ካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ ወደ 700 የሚጠጉ ልጆችን እስከ ጉልምስናቸው ተከታትለዋል። ብዙ መከራ ከተደራረበባቸው መካከል አንድ ሦስተኛው ያህል ደኅና ሰው ሆነው አደጉ። ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ከልብ የሚያስብላቸው፣ የማይለዋወጥ አንድ ትልቅ ሰው ማግኘታቸው ነበር። ያ ሰው አያት ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤትም፣ መምህርም።

ይህ ማለት መምህር ሐኪም ይሁን ማለት አይደለም። ልጁ ያየውን በክፍል ፊት እንዲተርክ አያስገድዱት። ሊነግርዎ ከመጣ ይስሙት፣ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» ይበሉት፣ የማይፈጽሙትን ተስፋ አይስጡ። ለሳምንታት ምግብ የሚጠላ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ከጓደኞቹ የተለየ ወይም ራሱን ስለ መጉዳት የሚናገር ልጅ ካለ ግን በዚያው ቀን ከወላጁና ከርእሰ መምህሩ ጋር ይነጋገሩ፤ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና በጤና ጣቢያው በኩል እስከ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚደርስ መንገድ ይፈልጉ። እርስዎም የተጎዱ ነዎትና ከአንድ የሥራ ባልደረባ ጋር በየሳምንቱ ቁጭ ብለው ይጨዋወቱ። የደከመ መምህር ትዕግሥቱ የሚያልቀው ደካማው ልጅ ላይ ነው።

ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት

1. ክፍለ ጊዜውን ሁልጊዜ በሰላምታና ማርክ በማይያዝባቸው 3 የክለሳ ጥያቄዎች ይጀምሩ።
2. ጠይቀው እስከ 5 ይቁጠሩ፤ ስም ከዚያ በኋላ ይጥሩ።
3. በቀን ቢያንስ አንድ የተሳሳተ መልስ ላይ «እንዴት አገኘኸው?» ወይም «እንዴት አገኘሽው?» ይበሉ።
4. ዝም የሚሉ 3 ተማሪዎችን ይምረጡ። በየቀኑ ከእያንዳንዳቸው ጋር ስለ ትምህርት ያልሆነ አንድ ነገር ያውሩ።

ሲጀምሩ በፈቃዳቸው እጅ የሚያወጡ ተማሪዎችን ስም በደብተርዎ ይመዝግቡ። ሁለቱ ሳምንታት ሲያልቁ እንደገና ይመዝግቡና ሁለቱን ዝርዝር ያስተያዩ። አዲስ ስም ከገባ መንገዱ ይዞልዎታል፤ ይቀጥሉበት። ካልገባ ከአራቱ የትኛው እንደተዘለለ ይዩና ከእሱ ይጀምሩ።