ክረምት ሳይገባ ቤታችንን እናዘጋጅ



ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር ከሐዋሳ ወጣ ብሎ በቱላ በኩል ወደሚገኝ አንድ መንደር ቤት ለቤት ለማስተማር ሄደን ነበር። ዝናቡ ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ግቢው ሁሉ ጭቃ ሆኗል። አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው ደጃፍ ላይ ተቀበሉን። ልጁን ሦስት ቀን ሙሉ አስቀምጦት ዓይኑ ጎድጉዷል። እኛም እንደ ተማርነው «የመጸዳጃው ጉድጓድ ጎርፍ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ ቆፍሩለት» አልናቸው። እሳቸውም ጭቃውን እያሳዩ «ልጆቼ፣ ይሄን በግንቦት ብትነግሩኝ ኖሮ እቆፍረው ነበር፤ አሁን እንኳን ቦይ መቆፈር እግር ማንሣትም ከብዶናል» ሲሉ መለሱልን።

ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ደርሶ ዳነ። የእናቲቱ ንግግር ግን ከልባችን አልጠፋም። እውነታቸውን ነው፤ ምክሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ጊዜው አልፎበት ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ የክረምቱን ትምህርት በግንቦት ይዘን ቀርበናል። በበልጉ ዝናብ መሬቱ ለስልሷል፤ በየመካከሉም ፀሐይ ይወጣል። ለመቆፈርም፣ ለመምረግም፣ ለማድረቅም የሚመቸው ጊዜ ይኸው ነው።

ክረምት በሽታ የሚያመጣው ስለ ምንድን ነው?

ዝናብ በራሱ በሽታ አይደለም። በሽታ የሚያመጣው ዝናቡ ጠርጎ የሚወስደውና አቁሮ የሚተወው ነገር ነው። በሐዋሳ ከታቦርና ከአላሙራ ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ በየመንደሩ አልፎ ወደ ሐይቁ ያዘነብላል። ወደ ሐይቁ የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባል እንጂ ከሐይቁ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለም። ጎርፉም በሜዳ የተጣለውን ዓይነ ምድር ይዞ በጉድጓድ፣ በምንጭና በሐይቁ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ተቅማጥ፣ የአንጀት ትላትልና የአንጀት ተስቦ የሚመጡት በዚህ መንገድ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ በታቆረው ውኃ ትንኝ ትራባለች፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታውም ስለዚህ ነው።

አንደኛ፤ ጣሪያና ግድግዳ

የሣር ክዳን ከሆነ የሳሳውን ቦታ አዲስ ሣር ጨምሩበት። ቆርቆሮ ከሆነ የላላውን ምስማር አጥብቁ፤ አሸንዳውንም ከቅጠል አጽዱ፤ ቅጠል የዘጋው አሸንዳ ውኃ ያቁራልና። የተሰነጠቀውን ግድግዳ ጭድ በገባበት ጭቃ ምረጉት። ስንጥቅ የትኋን ቤት ነው፤ እርጥብ ግድግዳም ለሕፃንና ለሽማግሌ ደረት አይበጅም። ጣሪያ መውጣትና ጭቃ ማቡካት የእናት ሥራ ብቻ አይደለም፤ አባወራውም ጎረምሳውም ይተባበር።

ሁለተኛ፤ ቦይና መጸዳጃ ቤት

ከቤቱ በላይ በኩል ጎርፉን የሚያዞር ቦይ ቆፍሩ። የመጸዳጃውን ጉድጓድ አፍ ዙሪያ አፈር ደልድላችሁ ከፍ አድርጉት፤ ከበላዩም ሌላ ቦይ አውጡለት። ጉድጓዱ ሊሞላ የተቃረበ እንደሆነ ክረምቱን አትጠብቁ፤ አዲሱን ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር አርቃችሁ፣ ከውኃው በታች በኩል ቆፍሩ። ክዳን አይጥፋው። ከደጃፉ ውኃና ሳሙና ይቀመጥ፤ ሳሙና ከሌለ ንጹሕ አመድ ይበቃል።

ሦስተኛ፤ የመጠጥ ውኃ

በክረምት የጠራ የሚመስል ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ውኃውን አጥልላችሁ አፍሉት፤ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይቆይ። ለዚህም ደረቅ እንጨት ከአሁኑ ከጣሪያ ሥር ማከማቸት ያስፈልጋል። የማይመች ከሆነ የውኃ ማከሚያ መድኃኒት ግዙና በመያዣው ላይ እንደ ተጻፈው አድርጉ። እንስራውንና ጀሪካኑን በየጊዜው እጠቡ፣ ክደኑም።

አራተኛ፤ ጢስ

ብርድ ሲመጣ በሩን ዘግተን እሳት እንከባለን። ጢሱ ግን የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል፤ ለሳንባ ምችም ያጋልጣል። ስለዚህ ከምድጃው አጠገብ ከጣሪያው ሥር የጢስ መውጫ ክፈቱ። ከሰል ያለበትን ማንደጃ ግን በተዘጋ ቤት አስገብቶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም፤ ሽታ የሌለው መርዙ ቤተሰብ እንደ ተኛ ይገድላል።

አምስተኛ፤ መኝታና አጎበር

በፀሐያማው ቀን ፍራሹን፣ ቁርበቱንና ብርድ ልብሱን አውጥታችሁ አስጡ፤ የውስጥ ልብስንም ቀቅሉ። ብርድ ሲሆን ልብስ ይደራረባል፣ ቅማል ይበዛል፤ ቅማልም ተስቦንና የሚያገረሽ ትኩሳትን ያስተላልፋል። አጎበሩን አውርዳችሁ ቀዳዳውን ስፉ፤ በተራ ሳሙና አጥባችሁ በጥላ አድርቁት። ሕፃናትና እርጉዝ ሴቶች በቅድሚያ ከሥሩ ይተኙ።

የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ቀን ወስናችሁ በግቢ የታቆረውን ድፉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሐር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘችው አዲስ የወባ ትንኝ በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለችና በርሜሉንም በደንብ ክደኑ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሰው ቢታመምስ?

ልጅን ሲያስቀምጠው ጡት አትከልክሉት፤ ምግብም አትንፈጉት። ከጤና ኬላ የሚሰጠውን የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት በእሽጉ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውኃ በጥብጡና ቶሎ ቶሎ በማንኪያ አጠጡት፤ የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይደር። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ከታየ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ትኩሳት የያዘውንም በ24 ሰዓት ውስጥ አስመርምሩ።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፣ ሥራው በአንድ ቀን አያልቅም፤ በአንድ ቀንም አንበል። በመጀመሪያው ሳምንት ቦዩንና መጸዳጃውን፣ በሁለተኛው ጣሪያውንና ግድግዳውን፣ በሦስተኛው የጢስ መውጫውንና እንጨቱን፣ በአራተኛው መኝታውንና አጎበሩን ብናደርግ ሰኔ ሲገባ ቤታችን ዝግጁ ይሆናል። ጎረቤት ለጎረቤት በደቦ ብትረዳዱ ደግሞ ይቀላል፤ የአንዱ ቤት ጎርፍ የሌላው ደጅ ነውና። እኛም በሐምሌ ስንመጣ የታመመ ልጅ ሳይሆን የተቆፈረ ቦይ እንድታሳዩን እንመኛለን።