እርዳታ የሚያበቃው መቼ ነው?

በአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ምድር ለወራት ስትንቀጠቀጥ ከርማ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. መጠኑ 6.0 የሆነ ርዕደ መሬት ደረሰ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን፣ አብዛኞቹም አርብቶ አደሮች፣ ከቀያቸው ተነስተው በመጠለያ ነበሩ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ረመዳን ገባ። በዚያን ሰሞን አንድ የደብረ ታቦር ወዳጄ ከጁምዓ ስንወጣ፣ «ሰደቃውንስ ሰጠን፤ ግን እስከ መቼ ነው የምንሰጠው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የስስት አልነበረም። እኛ የደቡብ ጎንደር ሰዎች ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእብናት ነው የተማርነው።

እብናት ከደብረ ታቦር በስተሰሜን ያለች፣ ድርቅ የማይለቃት ወረዳ ናት። በ1977ቱ ረሃብ እዚያ ትልቅ የእርዳታ መጠለያ ተቋቁሞ ነበር። ሚያዝያ ሲያልቅ የአካባቢው ባለሥልጣናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠረውን ሕዝብ በጥቂት ቀናት ውስጥ አስወጡትና ጎጆዎቹን አቃጠሉ። ምክንያታቸው «ዝናብ ጥሏል፣ ገበሬው ገብቶ ይዝራ» የሚል ነበር። የታመመው፣ ገና እግሩ ያልጸናው፣ ሕፃን ያዘለችው ሁሉ ተራራውን በእግሩ ተያያዘው። የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ሥራ ኃላፊ የነበሩት ፊንላንዳዊው ከርት ያንሰን ጉዳዩን ለመንግሥት እስከ ማቅረብ ደርሰዋል፤ ወሬውም ዓለምን አዳረሰ።

ለመሆኑ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ገበሬ ዝናብ ሲጥል ወደ እርሻው መመለሱ መቼም ነውር አይደለም። ዑመር ኢብኑል ኸጣብም (ረ.ዐ) ይህንኑ አድርገዋል። በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ የአመድ ዓመት በተባለው ድርቅ፣ የገጠሩ ዐረብ ተሰዶ በመዲና ዙሪያ ሰፈረ። ኸሊፋው ለሻምና ለኢራቅ ሹሞቻቸው ጽፈው እህል አስመጡ፤ ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ እርሳቸውም ቅቤና ሥጋ ተዉ። የዚያን ዓመት ዘካ ሳይሰበስቡ ለከርሞ አስተላለፉት። ዝናቡ በዘነበ ጊዜ ግን ሰዎቹን ወደየአገራቸው የሚሸኙ ሰዎች መድበው፣ ስንቅና መጓጓዣ ሰጥተው መለሷቸው። እብናትም ሰው ወደ ቀዬው ተመለሰ፣ መዲናም ተመለሰ፤ ልዩነቱ ምን ይዞ ተመለሰ የሚለው ነው።

በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበው የቀቢሳ ሐዲስ ለዚህ ጉዳይ መለኪያ ይሰጠናል። ሀብቱን አደጋ ያወደመበት ሰው መጠየቅ እንደሚፈቀድለት፣ የሚፈቀድለትም ኑሮውን የሚያቆምበት ነገር እስኪያገኝ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስረድተዋል። ቃሉ በዐረብኛ «ቂዋም» ነው። የእኛው «ቆመ» ከዚሁ ሥር የመጣ ነው፤ «ማቋቋም» የምንለውም ከዚያው ነው። በነገራችን ላይ በ1966 ዓ.ም. የተመሠረተው መሥሪያ ቤት ሙሉ ስሙ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር። ስሙ ሙሉ ነበር፤ እብናት ላይ ግን ሁለተኛው ግማሽ ተዘነጋ።

እንግዲህ የወዳጄ ጥያቄ መልስ አለው፤ በቀን ብዛት ግን አይቆጠርም። የድርቅ ማብቂያው ዝናብ ነው፣ ጎርፍም ይጎድላል። ርዕደ መሬት ግን ማለቁን የሚነግር ምልክት የለውም። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ማብቂያ ካራቆሬ አካባቢ የደረሰው ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ ሲያወድም፣ ንዝረቱ ግን ለወራት ቀጥሏል። ስለዚህ ተፈናቃይ ይመለስ ወይስ አይመለስ የሚለውን የሚወስነው የድንኳን ወጪ የሰለቸው ሹም ሳይሆን መሬቱን በመሣሪያ የሚከታተለው የጂኦፊዚክስ ባለሙያ ቃል መሆን ይገባዋል።

ሌላው የሚቆምበት ነገር ምንነት ነው። ለእብናት ገበሬ በሬና ዘር ነው። ለአፋሩ አርብቶ አደር ፍየልና ግመል፣ የግጦሽ ቦታና የውሃ ጉድጓድ ነው። የከተማ ሰው ስንባል ብርድ ልብስ፣ ቴምርና ፓስታ መላክ ይቀናናል፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ደግ ነገር ነው። በስድስተኛው ወር ግን ያው ብርድ ልብስ ለባሹን አያቆመውም። ፍየልም ቢሆን ከደብረ ታቦር ደጋ ተጭኖ አይሄድም፤ የጉና በግና ፍየል የአዋሽን ሙቀት አይለምድም። ብሩ ይላክና እዚያው ገበያ፣ ከብት በሚያውቁ የአገሬው ሽማግሌዎች እጅ ይገዛ።

በየመስጊዱ ኮሚቴ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ መዋጮ ስትሰበስቡ ገንዘቡን ከመጀመሪያው ቀን ለሁለት ክፈሉት፤ አንዱ ለአሁን፣ ሌላው ከስድስት ወር በኋላ የሚወጣ። ሁለተኛውን የሚጠብቅ ሰው በስሙ ይሰየም፣ መዝገቡም ለጀመዓው ይነበብ።