ኬቶሲስ ውስጥ መግባታችንን በምን እናውቃለን?

እንጀራ፣ ዳቦና ስኳር በእጅጉ ቀንሰው ክብደታቸውን ለመቆጣጠር የሚሹ ሰዎች «ሰውነቴ ኬቶሲስ ውስጥ ገብቷል ወይስ አልገባም?» ብለው ሲጠይቁ እንሰማለን። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ መልሱ በምንጠቀምበት መለኪያ ዓይነት ይወሰናል። በዚህ ጽሑፍ መለኪያዎቹ ስለምን እንደሚለያዩና ልዩነቱን አለማወቅ መቼ አደገኛ እንደሚሆን እንመለከታለን።

እንደሚታወቀው ከምግብ በኋላ የሰውነታችን ዋነኛ ነዳጅ ግሉኮስ ነው። ጉበት 100 ግራም ያህሉን በግላይኮጅን መልክ ያከማቻል። ምግብ ከተቋረጠ ግን ይህ ክምችት በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ አብዛኛው ያልቃል። ካርቦሃይድሬት በጣም ሲቀንስም ክምችቱ ይመናመናል፤ በደም ውስጥ ያለው ኢንሱሊንም ዝቅ ይላል፤ በዚህም ምክንያት ከተጠራቀመው ስብ የስብ አሲዶች ይለቀቃሉ። አንጎል የስብ አሲዶችን እንደ ዋና ነዳጅ ሊጠቀምባቸው ስለማይችል፣ ጉበት ከፊሎቹን ወደ ኬቶኖች ይለውጥለታል። የኬቶኖች መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያለበት ሁኔታ ኬቶሲስ ይባላል።

ኬቶኖች ሦስት ናቸው። እነርሱም አሴቶአሴቴት፣ ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬትና አሴቶን ይባላሉ። ጉበት በመጀመሪያ አሴቶአሴቴትን ይሠራል። ከዚህም የሚበዛው ወደ ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት ሲለወጥ፣ ጥቂቱ ደግሞ በራሱ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቆ አሴቶን ይሆናል። እያንዳንዱ መለኪያ የሚያየው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው ናይትሮፕረሳይድ ከአሴቶአሴቴት ጋር ሲገናኝ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል። ዋጋው ርካሽ፣ አጠቃቀሙም ቀላል ነው። ነገር ግን ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬትን ፈጽሞ አያይም። ከዚህም በላይ ብዙ ውኃ የጠጣ ሰው ሽንቱ ስለሚቀጥን ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ውኃ ያነሰው ሰው ደግሞ ቀለሙ ይጎላበታል።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። አሴቶን በቀላሉ ስለሚተን በሳንባ በኩል ይወጣል፤ ሽታው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያን ይመስላል። ሽታው ፍንጭ ይሰጣል እንጂ መጠን አይነግረንም።

ሦስተኛውና የተሻለው የደም ምርመራ ነው። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት መጠን ይለካል። በካርቦሃይድሬት ቅነሳ የሚመጣ ኬቶሲስ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 3 ሚሊሞል በሊትር ውስጥ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ሥጋና ወተት መተው ብቻውን ኬቶሲስን አያመጣም፤ የጾም ማዕዳችን እንጀራ፣ ሽሮና ምስር በካርቦሃይድሬት የበለጸጉ ናቸውና። ከማታ ጀምሮ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው ኬቶኑ በመጠኑ ከፍ ሊል ቢችልም፣ እንጀራ ከተመገበ በኋላ ተመልሶ ይወርዳል።

የመለኪያዎቹ ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የስኳር ሕመም ሲኖር ነው። ጤነኛ ሰው ኬቶን ሲበዛበት ከቆሽቱ የሚመነጨው ኢንሱሊን ምርቱን ይገታዋል። ኢንሱሊን በሌለበት ግን ገደብ ስለማይኖር ደሙ አሲዳማ ይሆናል፤ ይህም ኬቶአሲዶሲስ የተባለው ሕይወትን የሚያሰጋ ሕመም ነው። በዚህ ጊዜ ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት ከአሴቶአሴቴት እስከ 10 እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የሽንቱ ወረቀት የአደጋውን ልክ አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። በተቃራኒው ታማሚው ኢንሱሊን ተሰጥቶት ሲሻለው፣ ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት ወደ አሴቶአሴቴት ስለሚመለስ ቀለሙ ሊጠቁር ይችላል። ወረቀቱን ብቻ የሚያይ ሰው ሕመሙ የባሰ ይመስለዋል።

ስለሆነም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ካርቦሃይድሬትን በእጅጉ መቀነስ አይገባውም። ከፍተኛ ጥማት፣ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም ወይም ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ ከታየበት፣ ወረቀቱ ምንም ቢያሳይ፣ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ አለበት።

እንግዲህ ማንኛውንም የምርመራ ውጤት ስናነብ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «የተለካው ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ።