መብራት ቢጠፋስ?

ቆይ፣ ቆይ፤ ኢንተሩን አትጫኚ። እስቲ ምን እንደጻፍሽ ልየው። «ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን ኖ»። ሐሳብሽ ትክክል ነው፣ ጊዜው ግን ገና ነው። ቁልፍሽ ሰርቨሩ ላይ መቀመጡን ሳታረጋግጪ ፓስወርዱን ከዘጋሽ ውጭ ትቀሪያለሽ። ሰርቨሩ ያለው ባሕር ዳር፣ አንቺ ያለሽው ደብረ ታቦር። በወረታ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ነገ ክፍት ይሁን ዝግ ደግሞ ዛሬ የሚነግርሽ የለም። እዚህ ሆነሽ የመግቢያ ዘዴ ስትመርጪ መጀመሪያ የምትጠይቂው እንግዲህ ይሄን ነው፦ አሁን መብራት ቢጠፋስ? ኔትወርኩ ቢቆረጥስ? የዘዴው ጥንካሬ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በቅድሚያ ያለውን እዪ። ከሩቅ የሚያስገባሽን የኤስኤስኤችን ቅንብር ፋይል ከፍቼ አንብቤዋለሁ ብለሽ አትመኚ። «ኤስኤስኤችዲ» ብለሽ ሰረዝና ትልቁን «ቲ» አስከትዪ፤ በሥራ ላይ ያለውን ቅንብር አንድ በአንድ ያወጣልሻል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ኡቡንቱ ላይ ዋናው ፋይል ገና ከአናቱ፣ ጎኑ ካለ ፎልደር ሌሎች ትንንሽ ፋይሎችን ይጠራል፤ ኤስኤስኤች ደግሞ መጀመሪያ ያነበበውን ይይዛል፣ ከታች የተጻፈው ከላይ ያለውን አይሽርም። ሰርቨሩ ሲጫን «ክላውድ ኢኒት» የሚባለው ፕሮግራም እዚያ ፎልደር ውስጥ «ፓስወርድ ይፈቀድ» ብሎ ትቶ ከሆነ፣ አንቺ ታች «ኖ» ብትዪ የሚሰማሽ የለም። ዘጋሁት ብለሽ ትተኛለሽ፣ እሱ ግን ወለል ብሎ ያድራል።

«እኛ እኮ በመንግሥት ኔትወርክ፣ በወረዳኔት ውስጥ ነን፣ ማን ይደርስብናል?» የሚሉሽን ደግሞ ሰምተሽ እለፊያቸው። ኤስኤስኤች ራሱ የተወለደው እንዲህ ያለ መተማመን ካመጣው ጣጣ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የሚያልፈውን ፓስወርድ ሁሉ የሚለቅም ፕሮግራም ተጠምዶ ተገኘ፤ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ታቱ ዩሎነን በዚያው ዓመት ኤስኤስኤችን ጻፈ። ለቃሚው ከአጥሩ ውስጥ ነበር።

እኛ ከተማ ውስጥ ደግሞ ፓስወርድ ለማወቅ መልቀምም አያስፈልግም፤ መገመት ይበቃል። ጉና፣ ጋፋት፣ ሴባስቶፖል፣ ቴዎድሮስ፤ ከኋላቸው 123 ወይም የመቅደላዋ 1860። ሴባስቶፖል መድፉ እዚሁ ጋፋት ተሠራ ብለን እንኮራለን፣ እሰየው፤ ሰርቨር መጠበቂያ ግን አይሆንም።

ስለዚህ ቁልፍ። በ«ኤስኤስኤች ኪይጄን» ፍጠሪ፣ ዓይነቱ «ኢዲ25519» ይሁን፤ ኦፕንኤስኤስኤች ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቀበለዋል፣ አጭርና ፈጣን ነው። የምትፈጥሪው ግን በራስሽ ላፕቶፕ ላይ ነው፣ ሰርቨሩ ላይ አይደለም። የሚስጥሩ ፋይል ከላፕቶፕሽ አይወጣም፤ ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጠው መጨረሻው «ፐብ» የሆነው ብቻ ነው። ቴሌግራም ላይ «ለራሴ ልላከው፣ እንዳይጠፋብኝ» እንዳትዪ። አውቅሻለሁ፣ የትምህርት ማስረጃሽንም መታወቂያሽንም እዚያው ነው የከተትሽው።

ማለፊያ ሐረግ ሲጠይቅሽ ባዶ አትተዪው። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባውን የሚያዘገየው እሱ ብቻ ነው። ረዘም ያለ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጥሩ ነው፤ ተረትና ምሳሌ ሳይሆን አንቺ ብቻ የምታውቂው ይሁን። ግን በላቲን ፊደል ተይቢው። በፊደላችን የጻፍሽ እንደሆነ «ሀ» ይሁን «ሐ»፣ «ሰ» ይሁን «ሠ» ከሁለት ወር በኋላ አታስታውሺም፤ ለማሽኑ ደግሞ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ከዚያም ሰርቨሩ ክፍል ገብተሽ በጥቁሩ ስክሪን ስትሠሪ የአማርኛ ኪቦርድ የለም። የመግቢያ ፓስወርድሽም እንደዚሁ ይሁን።

ቁልፉን በ«ኤስኤስኤች ኮፒ አይዲ» ከላክሽው የፎልደሩን ፈቃድ 700፣ የፋይሉን 600 አድርጎ ያስቀምጥልሻል። በእጅሽ ከገለበጥሽው ራስሽ አስተካክዪ፤ ፈቃዱ ከላላ ኤስኤስኤች ቁልፉን ዝም ብሎ ይንቀዋል፣ አንቺም ቁልፉ ተበላሸ ብለሽ ግማሽ ቀን ትደክሚያለሽ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ማረጋገጫ እንምጣ። አለቃሽ በስልክ አጭር መልእክት የሚመጣ ኮድ ይሁን ብሏል አልሽኝ? በትሕትና እምቢ በዪ። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት እንደተቋረጠ አንቺም እኔም አንረሳውም። መልእክቱን የሚልከው አገልግሎት ሌላ ቦታ ነው፤ ሰርቨሩ እሱ ጋ መድረስ ካቃተው ኮድ የለም፣ ኮድ ከሌለ መግባት የለም። ስልክሽ ላይ ራሱ ኮድ የሚያሰላው አፕ ግን ከማንም ጋር አይነጋገርም። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ሰርቨሩና ስልክሽ አንድ ሚስጥር ይካፈላሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ከሚስጥሩና ከሰዓቱ በየ30 ሰከንዱ ያንኑ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ለየብቻቸው ያወጣሉ። ሲም ካርድ የሌለው ስልክም ይበቃል።

ጣጣው ሰዓቱ ነው። የእኛ ሰው ስልኩ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር «3 ሰዓት» እንዲል 6 ሰዓት ወደኋላ በእጁ ይጎትተዋል። ማሽኑ ግን የሚቆጥረው የዓለሙን ሰዓት ነው፤ ያ ስልክ መቼም ትክክለኛ ኮድ አያወጣም። ሰርቨሩም ኢንተርኔት አጥቶ ከሰነበተ ሰዓቱ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ወዲያ ወዲህ ቢል ይታገሳል፣ ከዚያ በላይ ግን አይምርም። ሰዓት የሚያስተካክለውን «ክሮኒ»ን ጫኚ፤ የሥራ ባልደረቦችሽንም ስልካችሁን ወደ አውቶማቲክ መልሱ በያቸው።

ሁለቱን ዘዴዎች የሚያጋጥመው መስመር «ኦተንቲኬሽን ሜተድስ» ነው። እዚህ ጋ ቀስ በዪ። «ፐብሊክ ኪይ» እና «ኪቦርድ ኢንተራክቲቭ»ን በኮማ ካገናኘሻቸው ሁለቱም ግድ ናቸው። በባዶ ቦታ ከለየሻቸው አንዱ ይበቃል። አንዲት ኮማ ስለጎደለች ጠንካራው ዘዴ ልል ይሆናል፣ ስሕተት ነው ብሎ የሚጮህልሽም የለም። ማንነት የሚያጣራው የ«ፓም» ፋይል ላይ ደግሞ ኮዱን የሚያረጋግጠውን የኦተንቲኬተር ሞጁል ስትጨምሪ የተለመደው የፓስወርድ መስመር እንዳለ ከቀረ ቁልፍም፣ ፓስወርድም፣ ኮድም ይጠይቃል። ሦስት ካልፈለግሽ ያንን መስመር ዝጊው። ገና ላልተመዘገቡት ሰዎች «ናልኦኬ» የሚለውን ጨምሪላቸው፤ ሁሉም ተመዝግበው ሲያበቁ ግን ማንሳቱን አትርሺ።

ሲመዘገቡ የኦተንቲኬተሩ ፕሮግራም የክፉ ቀን ኮዶች ያወጣል። እነሱን በወረቀት ጽፈሽ ካዝና ውስጥ። ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ ካስቀመጥሽማ ስልኩ የጠፋ ቀን አብረው ይጠፋሉ።

ሥራ ላይ ስታውዪው ሁሉም ሰው «ሁለተኛ መስኮት ክፈቺ፣ የገባሽበትን አትዝጊ» ይልሻል። እውነት ነው፤ ቅንብሩ ሲቀየር ቀድሞ የተከፈተው ግንኙነት አይቋረጥም። ግን እዚህ አይበቃም። መብራት ቢጠፋ፣ ራውተሩ ቢጠፋ፣ ሁለቱም መስኮቶች አብረው ይሞታሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን ፋይሎች ገልብጠሽ አስቀምጪ፤ የኤስኤስኤችንም የፓምንም። ቀጥሎ በ«ሲስተምዲ ራን» ከ10 ደቂቃ በኋላ የድሮዎቹን መልሶ አገልግሎቱን እንደገና የሚያስነብብ ትዕዛዝ ቀጥሪ። ያ ቀጠሮ የሚኖረው ሰርቨሩ ላይ ነው፣ የአንቺን መስመር አይጠብቅም። አንቺ ጨለማ ውስጥ ጋቢሽን ደርበሽ ብትቀመጪ እንኳ እሱ የድሮውን በር ይከፍትልሻል።

ከዚያ በትንሹ «ቲ» ፋይሉ መሳሳት አለመሳሳቱን ጠይቂው። ዝም ካለ ደህና ነው፣ «ሪሎድ» አድርጊ። በአዲስ መስኮት ግቢ። ሲያስገባሽ አትቸኩዪ፤ በፓስወርድ ብቻ ለመግባትም ሞክሪ፣ ሰርቨሩ ሊከለክልሽ ይገባል። የሥራ ባልደረባሽም በራሱ አካውንት ይሞክር። ሁሉም እንዳሰብሽው ከሆነ ያኔ ቀጠሮውን ሰርዢ።

አንድ የጋራ አካውንት ለሁሉም የሚባለውን ልማድ ግን ዛሬውኑ አቁሚ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መዝገብ ማን እንደከፈተ መጠየቁ አይቀርም፣ «ሁላችንም» ደግሞ መልስ አይደለም። ለየሰው የየራሱ አካውንት፣ የየራሱ ቁልፍ፤ የቁልፉ መስመር መጨረሻ ላይ ስሙ ይጻፍ። አስተዳደሩንም የክሊራንስ ፎርሙ ላይ የአይሲቲ ፊርማ ቦታ እንዲጨምርልሽ ጠይቂ። ሰው ሲዛወር ወንበሩንና ላፕቶፑን ያስረክባል፣ ቁልፉ ግን ሰርቨሩ ላይ ይቀራል። ያቺን መስመር ሳትሰርዢ እንዳትፈርሚለት።