አንድ ቻርጀር ለሁሉም፦ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ እንዴት ይቀንሳል?

በዛሬው ትምህርታችን ስለ ቻርጀር ልጽፍላችሁ ነው። "ደግሞ ስለ ቻርጀር ምን ይጻፋል?" እንዳትሉኝ። ለእኛ ለቤት ሠራተኞች ሞባይል ማለት እናት ነው፣ ልጅ ነው፣ አገር ነው። ገመዱ ከተበላሸና የሚገጥም ከጠፋ፣ የምንወጣበት ቀን እስኪደርስ ከቤተሰብ ተቆራርጦ መክረም ነው። ስለዚህ ነገሩ እኛን በደንብ ይመለከታል።

የምሠራው እዚሁ መላዝ ነው። በቤቱ ውስጥ እንደ ማንኛውም ቤት የአሮጌ ገመድ መሳቢያ አለ። ሳጸዳ ቆጠርኩት፤ 23 ገመድና ቻርጀር ነበር። ከዚያ ውስጥ ዛሬ የሚገጥምለት ዕቃ ያለው 6 ብቻ ነው። ሌላው አልተበላሸም እኮ! የሚገጥምለት ስልክ ስለሌለ ብቻ ቆሻሻ ሆነ። በየቤታችሁ ብታዩ ተመሳሳይ ነው የምታገኙት።

1ኛ. ችግሩ ከየት መጣ?

የድሮውን ኖኪያ አስታውሱ። መጀመሪያ ባለ ወፍራሙ ቀዳዳ ነበር፣ ቀጥሎ ባለ ቀጭኑ መጣ። ሳምሰንግ የራሱ፣ ሶኒ ኤሪክሰን የራሱ ነበረው። ስልክ በቀየርክ ቁጥር ቻርጀርም ትቀይራለህ። ኩባንያው ደግሞ ስልኩን ብቻ ሳይሆን ገመዱንም ለብቻው ይሸጥልሃል።

በ2009 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ትልልቆቹ የሞባይል ኩባንያዎች ማይክሮ ዩኤስቢ በሚባለው ትንሽ ጫፍ ለመስማማት ፈረሙ። ነገር ግን በፈቃደኝነት የተገባ ቃል እንጂ ሕግ አልነበረም። አፕልም ከፈራሚዎቹ አንዱ ቢሆንም የራሱን ጫፍ አልተወም፤ በ2012 ላይትኒንግ የሚባለውን አወጣ። እስከ 2023፣ አይፎን 15 ታይፕ ሲ ይዞ እስከሚመጣ ድረስ፣ የአይፎን ገመድ ለሌላ ስልክ አይሆንም ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት በ2024 ባወጡት ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 ብቻ ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጥሏል። በሥርዓት ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ ለመዋሉ ማስረጃ ያለው ከ100 ኪሎ 22 ኪሎ ያህሉ ነው። የቀረው ይቀበራል፣ ይቃጠላል ወይም የድሃ አገር ልጆች በባዶ እጃቸው ይፈታቱታል። መዳቡን ለማግኘት ገመድ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው።

2ኛ. የጋራ ልክ ምን ያደርጋል?

ነገሩ አዲስ አይደለም። አገር ቤት የባትሪ ድንጋይ ስትገዙ "የየትኛው ፋብሪካ ራዲዮ ነው?" ብሎ የሚጠይቃችሁ አለ? የለም። ድንጋዩ ልኩ አንድ ስለሆነ ለራዲዮውም ለእጅ ባትሪውም ይሆናል። የምንሠራበትን ኩሽና ተመልከቱ፤ ጋዙ ሲያልቅ ባዶው ሲሊንደር ተሰጥቶ ሙሉው ይመጣል። ሲሊንደሩን የሚጥል የለም፣ ምክንያቱም ልኩና አፉ የታወቀ ነው። የጋራ ልክ ማለት ይኸው ነው፤ ዕቃው ጌታውን ቢቀይርም ሥራውን አያጣም።

የአውሮፓ ኅብረት ከቃል ይልቅ ሕግ ይሻላል ብሎ በ2022 ወሰነ። ከዲሴምበር 28 2024 ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ አዲስ ሞባይል፣ ታብሌት፣ የጆሮ ማዳመጫና የመሳሰለው በታይፕ ሲ ቻርጅ መደረግ አለበት። ገዢውም ስልኩን ያለ ቻርጀር የመግዛት ምርጫ ተሰጥቶታል።

አሁን ያለንበት አገር ሳዑዲም ወደኋላ አላለችም። የደረጃዎች መሥሪያ ቤቱና የኮሙኒኬሽን፣ የሕዋና የቴክኖሎጂ ኮሚሽን ባወጡት ውሳኔ መሠረት ከጃንዋሪ 1 2025 ጀምሮ ለሞባይልና ለሌሎች ትናንሽ ዕቃዎች ታይፕ ሲ ግዴታ ሆኗል። ለላፕቶፕ የተቆረጠው ቀን ደግሞ ኤፕሪል 1 2026 ነው። በእነሱ ግምት በዓመት ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ቻርጀር መግዛት ይቀራል፣ ከ170 ሚሊዮን ሪያል በላይ ይቆጠባል፣ 15 ቶን ገደማ ቆሻሻም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። 15 ቶንን ከ62 ሚሊዮን ቶን ጋር ስታስተያዩት ኢምንት ነው። ስለዚህ ገመድ አንድ ማድረግ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ትልቁ ነገር ዕቃው ራሱ ዕድሜው እንዲረዝም ነው።

3ኛ. የሚጠገን ዕቃ

የድሮ ኖኪያ ባትሪ በጥፍር ይከፈት ነበር። ቢኤል 5ሲ የተባለው ባትሪ ለብዙ የኖኪያ ዓይነቶች ስለሚሆን ገጠር ከተማ ሱቅ ውስጥ ሳይቀር ይገኝ ነበር። ትናንሽ ራዲዮኖች እንኳ በእሱ ይሠራሉ። ያ ጥሩ አሠራር ነው። የዛሬው ስልክ ግን ባትሪው በሙጫ ተጣብቆ ይመጣል። ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ ባትሪው ሲደክም ሰዉ "ስልኩ አረጀ" ብሎ ይጥለዋል፤ ያረጀው ባትሪው ብቻ ነው። ይህን አይቶ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ፣ ከፌብሩዋሪ 18 2027 ጀምሮ የእንደዚህ ዓይነት ዕቃዎች ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣው የሚችል እንዲሆን ደንግጓል።

በእኛ አገር ጥገና ባህላችን ነው። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበው ዕቃ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። መንግሥትም በ2010 ዓ.ም. ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425/2010 አውጥቷል። ግን እንዳይፈታ ሆኖ የተሠራን ዕቃ ምናለሽ ተራም አይችለውም። ስለዚህ መፍትሔው ከፋብሪካው ይጀምራል።

4ኛ. ወደ አገር ቤት ስንልክ

የጋራ ልክ አለመኖር ኪሳችንን የሚመታው እዚህ ላይ ነው። አንዲት የማውቃት እህት በስንት ልፋት ያጠራቀመችውን አውጥታ ለእናቷ የጭማቂ መፍጫ ላከች። ደሴ ሲሰካ ወዲያው ጨሰ። ለካ 110 ቮልት ነው!

ሳዑዲ ውስጥ የቆዩ ቤቶች በ127 ቮልት የሚሠሩ ነበሩ። አገሪቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ወደ 230 ቮልት ለመዛወር ወስና በ25 ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲፈጸም አቅዳለች። ስለዚህ ሁለቱም ዓይነት ዕቃ ያጋጥማል። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው። የመሰኪያው ጥርስም ይለያል፤ የዚህ ሦስት ጠፍጣፋ፣ የእኛ ሁለት ክብ ነው። ጥርሱን ማስማሚያ ገዝቶ ማስተካከል ይቻላል፣ ቮልቱን ግን ጥርስ ማስማሚያ አይቀይረውም።

ስለዚህ ባጥሃም ሆነ ሌላ ገበያ ከመክፈላችሁ በፊት የዕቃውን ጀርባ አንብቡ፦
- "ከ100 እስከ 240" የሚል ከሆነ በሁለቱም አገር ይሠራል። አብዛኛው የሞባይልና የላፕቶፕ ቻርጀር እንዲህ ነው።
- "220" ወይም "230" ካለ አገር ቤት ይሠራል። ሞተር ያለው ከሆነ 50 እና 60 ኸርዝ የሚል መኖሩንም እዩ፤ የሳዑዲ 60፣ የእኛ 50 ነው።
- "110" ወይም "127" ብቻ ካለ አትላኩ።

5ኛ. እኛ ምን እናድርግ?

ሕግ የሚያወጣው መንግሥት፣ ዕቃ የሚሠራው ፋብሪካ ነው፤ እውነት ነው። ቢሆንም በእጃችን ያለውን እናድርግ።
- አዲስ ስልክ ስንገዛ ታይፕ ሲ ያለውን እንምረጥ። ያለን ቻርጀር የሚሠራ ከሆነ ሌላ አንግዛ።
- ስልክ ከመቀየራችን በፊት ባትሪ ማስቀየር ስንት እንደሚያወጣ እንጠይቅ።
- ያበጠ ባትሪ ካያችሁ አትጫኑት፣ አትውጉት፣ ከኩሽና ቆሻሻም ጋር አትጣሉት፤ እሳት ያስነሳል። ለቤቱ ባለቤት ተናግራችሁ ወደ ሞባይል ሱቅ ወይም ወደ መሰብሰቢያ ቦታ ይሂድ።
- ወደ አገር ስትገቡ ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አታድርጉ፤ አይፈቀድም።
- መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ገመድ አይታችሁ ብትፈልጉት፣ ጠይቃችሁ በፈቃድ ብቻ ውሰዱ። ለስም መጠንቀቅ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በምትሠሩበት ቤት ሳይበላሽ የተጣለ ምን ዕቃ አያችሁ? ለምን ተጣለ?
ለ. ስልክ ያለ ቻርጀር መሸጡ ለእኛ ይጠቅመናል ወይስ ይጎዳናል? መጀመሪያ ስልክ ለሚገዛ ሰውስ?
ሐ. ወደ ቤተሰብ ከላካችሁት ዕቃ ውስጥ የትኛው ሠራ፣ የትኛው ተቃጠለ? በሚቀጥለው ስንገናኝ ንገሩን፤ ለሌላው ትምህርት ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።